የተጨማደደ አፍንጫ ለምን ሰው ያድናል? የመኪና አሠራርና የመንገድ ላይ ጠባይ ሲብራራ

መንገድ ላይ ግጭት ሲያጋጥም የተሰበሰበው ሰው ፍርዱን የሚሰጠው ብረቱን አይቶ ነው። አዲሱ መኪና አፍንጫው እስከ ሞተሩ ተጨማዶ፣ አሮጌው ኮሮላ ዲኤክስ ፓራውልቱ ብቻ ጎብጦ ከታየ፣ «የዛሬ መኪና ቆርቆሮ ነው፤ ብረት ማለት የድሮው ነው» ይባላል። ብዙ ሰው መኪና ሲመርጥ የሚመራው በዚህ አስተያየት ነው። አስተያየቱ ግን ስህተት ነው፤ የሚመዝነው መኪናው የደረሰበትን እንጂ ውስጡ የተቀመጠው ሰው የደረሰበትን አይደለምና።

የመኪና ደህንነት ሁለት ነገር ነው። አንዱ መኪናው ከአደጋው ለማምለጥ ምን ያህል ይታዘዛል የሚለው ነው። ፍሬኑ፣ መሪው፣ ጎማው፣ አሞርዛተሩ፣ ከፍታውና ስፋቱ እዚህ ይገባሉ። ይህን የመኪናው አያያዝ እንበለው። ሌላው፣ ግጭቱ ካልቀረ ውስጥ ላሉት ሰዎች ምን ይደረግላቸዋል የሚለው ነው። ይህ ደግሞ የመኪናው አካል አሠራር ነው። በአንዱ ጎበዝ የሆነ መኪና በሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል። የተሳሳተ እምነት የበዛው በአካሉ በኩል ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በግጭት ጊዜ ሰውነት ላይ ምን ይደርሳል?

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ውስጡ ያለው ሰውም በዚያው ፍጥነት እየሄደ ነው። መኪናው ግንብ መትቶ ቢቆም፣ ሰውየው የሚያቆመው ነገር እስኪያገኝ ድረስ ጉዞውን ይቀጥላል። ቀበቶ ካላሰረ የሚያቆመው መሪው፣ ዳሽቦርዱ ወይም የፊት መስታወቱ ነው።

ይህ ፍጥነት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ፣ ወድቆ መሬት ሲደርሱ የሚኖረው ፍጥነት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍታው ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናልና።

ከከፍታው እኩል የሚወስነው ግን ማረፊያው ነው። ከዛፍ የወደቀ ልጅ የጭድ ክምር ላይ ቢያርፍ ልብሱን አራግፎ ይነሳል፤ ድንጋይ ላይ ቢያርፍ አጥንቱ ይሰበራል። አወዳደቁ አንድ ነው። ጭዱ ሰመጥ እያለ ጥቂት ርቀት ሰጥቶ አቆመው፤ ድንጋዩ ምንም አልሰጠውም።

በቁጥር ስናየው ልዩነቱ ይገዝፋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቀስ በቀስ ቢቆም፣ የሚያርፍበት ኃይል ከ11 ኩንታል በላይ ክብደት ያህላል። ከባድ ነው፤ ነገር ግን ቀበቶ በደረትና በዳሌ አጥንት ላይ አከፋፍሎት ለቅጽበት ብቻ ከቆየ ጤነኛ ሰው ይችለዋል። ያው ሰው በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ኃይሉ ከ130 ኩንታል ያልፋል። ይህን የሚችል ሰውነት የለም።

የዘመናዊ መኪና አካል የተነደፈው እነዚያን 60 ሳንቲ ሜትሮች ለማግኘት ነው።

ታዲያ ጠንካራ ብረት ምንም አይጠቅምም?

በቦታው ሲሆን ይጠቅማል። ቤላ ባሬኒ የተባለው የመርሴዲስ መሐንዲስ በ1951 ያስመዘገበው ሐሳብ ይህንን ነው። መኪናው ሦስት ክፍል ይኑረው፤ ሰው የሚቀመጥበት የመሐሉ ክፍል እንደ ሣጥን ጠንካራ ይሁን፣ የፊቱና የኋላው ክፍል ግን በግጭት ጊዜ እየታጠፈ ጉልበቱን ይብላ አለ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የመኪና ሠሪዎች እምነት ሁሉም ቦታ እኩል ቢጠነክር ይሻላል የሚል ነበር። መርሴዲስ ይህን አሠራር ይዞ የወጣው በ1959 ነው፤ ዛሬ ሁሉም መኪና ሠሪ ይከተለዋል።

ስለዚህ ከኮፈኑ ሥር ያሉት ብረቶች እንዲታጠፉ ታስበው የተሠሩ ናቸው። የበሩ ምሰሶዎች፣ ጣሪያውና የእግር ማሳረፊያው ወለል ደግሞ እንዳይታጠፉ ከጠንካራ ብረት ይሠራሉ። ከግጭት በኋላ አንድ መኪና ጥሩ ሠርቷል ወይ ብሎ ለመጠየቅ መታየት ያለበት አፍንጫው አይደለም። በሩ ይከፈታል? መሪው ቦታው ላይ ነው? የሹፌሩ እግር ተይዟል? እነዚህን ማየት ነው።

ክርክሩን በአደባባይ የቋጨው በ2009 የተደረገ ሙከራ ነው። የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም የ1959 ሼቭሮሌ ቤል ኤርንና የ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡን ሆን ብሎ ፊት ለፊት በከፊል አጋጫቸው። እያንዳንዳቸው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ይሄዱ ነበር። ቤል ኤር ግዙፍ የብረት መኪና ነው፤ ሲያዩት የሚያሸንፍ ይመስላል። ሆኖም የሹፌሩ ክፍል ፈርሶ መሪው ወደ ሰውየው ተገፋ፤ የሰው ምስል ሆኖ የተቀመጠው አሻንጉሊት የመዘገበው ኃይል ሹፌሩ እንደማይተርፍ አሳየ። የማሊቡ አፍንጫ ተጨማዶ የውስጡ ክፍል ግን እንዳለ ቀረ። ሹፌሩ ሊደርስበት የሚችለው እግሩ ላይ ቀላል ጉዳት ነበር።

ታዲያ ዲኤክሱ ለምን ብዙ ጊዜ «ያሸንፋል»? አዲሱ መኪና በሚታጠፈው አፍንጫው የሁለቱንም ጉልበት ስለሚበላ ነው። የዲኤክሱ ሹፌር በዚያ ቀን የተጠቀመው በሌላው ሰው መኪና ነው። ዲኤክሱ ዛፍ ወይም የቆመ ሲኖትራክ ሲመታ የሚበደረው የለም።

አንድ እውነት ግን መደበቅ የለበትም፤ ክብደት ያግዛል። 1 ቶን የሚመዝን ትንሽ መኪናና 2 ቶን የሚመዝን ትልቅ መኪና ፊት ለፊት ሲጋጩ፣ ትንሹ የሚደርስበት የፍጥነት ለውጥ የትልቁን እጥፍ ነው። በላንድ ክሩዘር ውስጥ የሚሰማን የደህንነት ስሜት ሙሉ በሙሉ ከንቱ ያልሆነው ለዚህ ነው። የዚህ ክብደት ዋጋ ግን በሌላኛው መኪና ተሳፋሪ ይከፈላል፤ ከፍታውም በኋላ እንደምናየው ሌላ ችግር ያመጣል።

የታጠፈ አፍንጫ አንዴ ሥራውን ሠርቶ አልቋል። ባትላሜራው በመዶሻ አቃንቶ፣ በስቱኮ ሞልቶ፣ ቀለም ቀብቶ ቢያሳምረውም ያ ብረት በሁለተኛው ግጭት እንደ መጀመሪያው አይታጠፍም። ያገለገለ መኪና ስንገዛ የፊተኛው ሻንሲ መበየድ አለመበየዱን ማየት ከቀለሙ ይቀድማል።

ቀበቶና ኤርባግ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራሉ?

አፍንጫው የሚያተርፈውን ርቀት ለሰውየው የሚያደርስለት ቀበቶው ነው። ያላሰረ ሰው መኪናው እየታጠፈ ሲቆም እሱ ገና እየበረረ ነው፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ምህንድስና ለእሱ የለም። በትከሻና በወገብ የሚያልፈውን የዛሬውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የሠራው የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው፤ ዘመኑም ያው 1959 ነው። ቮልቮ የፈጠራ መብቱን ለሌሎች ኩባንያዎች ክፍት አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ፊት የሚቀመጥን ሰው የመሞት ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ኤርባግ ቀበቶን አይተካም። ከ1 ሰከንድ ሃያኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተተኩሶ የሚነፋ ከረጢት ነው፤ ቀበቶ ይዞት ትንሽ ዘግይቶ የሚመጣን ጭንቅላት እንዲቀበል የተሰላ ነው። ያላሰረ ሰው ገና እየተነፋ ባለ ኤርባግ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ራሱ ይጎዳል።

ልጅን ፊት ወንበር ላይ ታቅፎ መሄድ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ አደገኛነቱ ግን በቁጥር ይታያል። ከላይ ባልነው ግጭት 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከ1 ኩንታል ተኩል በላይ ይከብዳል። የትኛዋም እናት፣ ምንም ብትወድ፣ በእጇ ልትይዘው አትችልም። ከኋላ ያላሰረ አዋቂም እንዲሁ ፊት የተቀመጠውን ሰው ጀርባ በቶን ኃይል ይመታል።

ስለ ኤርባግ አንድ ነገር በተለይ ለኛ ገበያ ይመለከታል። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የኤርባግ ማንፊያዎች (ከረጢቱን ተኩሰው የሚነፉት መሣሪያዎች) ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው ውስጣቸው ያለው ኬሚካል ይበላሻል፤ ሲተኮሱ መያዣው ተሰንጥቆ ብረት ይረጫል። በዓለም ዙሪያ 100 ሚሊዮን ያህል ማንፊያዎች እንዲቀየሩ ጥሪ ተደርጓል። ከ2000 በኋላ የተሠሩ ኮሮላና ያሪስ መኪኖችም ከነዚህ ውስጥ አሉ። የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ጥሪ እንዳለበት ማየት ይቻላል።

ሚኒባስ ውስጥ «ጋቢና» የሚቀመጥ ሰውስ?

እስካሁን ያልነው ሁሉ አፍንጫ ላለው መኪና ነው። ዶልፊንም ሆነ አባ ዱላ የምንለው ሃያስ አፍንጫ የለውም። ሞተሩ ከፊት መቀመጫው ሥር ነው፤ ሹፌሩና ጋቢና የተቀመጡት ሰዎች ከፊት ጎማው በላይ ናቸው። በጉልበታቸውና በፊተኛው ላሜራ መካከል ያለው ጥቂት ስንዝር ነው። ፊት ለፊት ግጭት ሲሆን የሚታጠፈው ቦታ የሰዎቹ እግር ያለበት ቦታ ነው።

ቶዮታ በ2019 ያወጣው አዲሱ ሃያስ አጭር አፍንጫ ይዞ መጥቷል፤ ሞተሩም ወደዚያ ወጥቷል። ከምክንያቶቹ ዋናው ይኸው የግጭት ደህንነት ነው። በኛ መንገድ ላይ የሚበዙት ግን የቀድሞዎቹ ናቸው። ስለዚህ አገር አቋራጭ ሚኒባስ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲበር ከኋላው ከሚሄደው የቤት መኪና እኩል ፍጥነት ቢኖረውም እኩል አደጋ ላይ አይደለም። ለዚህ ነው የሚኒባስ ፍጥነት ጉዳይ ከትራፊክ ቅጣት በላይ አሳሳቢ የሚሆነው።

ቅጥቅጥ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ አካሉ የሚገነባ አውቶቡስ ነው። ተሳፋሪው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲገለበጥ ሕይወቱ የሚንጠለጠለው በመስኮቶቹ መካከል ባሉት ምሰሶዎችና ከጣሪያው ጋር በተበየዱበት ቦታ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 66 ለዚህ የወጣ ነው። አውቶቡሱ 80 ሳንቲ ሜትር ወደሚወርድ ጉድጓድ በጎኑ ይጣላል፤ ከወደቀ በኋላ ለተሳፋሪዎቹ የተከለለው የመትረፊያ ቦታ በምንም ብረት መነካት የለበትም። ወንበሩ ወለሉ ላይ እንዴት እንደታሰረ፣ ምሰሶው ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ተሳፋሪ ሊያይ አይችልም። ይህ በገንቢውና በመርማሪው ላይ የወደቀ ኃላፊነት ነው።

መኪና ለምን ይገለበጣል? ለምን ይንሸራተታል?

አሁን ወደ አያያዙ እንምጣ። መኪና መሬትን የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ የመዳፍ ያህል ስፋት አለው። መዞሩም፣ መቆሙም፣ መፍጠኑም በነዚህ አራት መዳፎች ያልፋል። የሚይዙት ደግሞ የተወሰነ ነው። ሹፌሩ እየዞረ ፍሬን ሲረግጥ ሁለቱ ሥራዎች ያንኑ መያዣ ይሻማሉ።

የፊት ጎማዎች መያዣቸውን ሲለቁ መሪው ቢዞርም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የኋላዎቹ ሲለቁ ጅራቱ ወጥቶ ይሽከረከራል። በክረምት ዝናብ ያለቀ ጎማ አደገኛ የሚሆነው በጥርሶቹ መካከል ውኃውን የሚያስወጣበት ቦይ ስለሌለው ነው፤ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ያረጀ አሞርዛተርም እንዲሁ ከምቾት ጉዳይ በላይ ነው። ሥራው ጎማውን መሬት ላይ ማቆየት ነው፤ ሲደክም ጎማው በኮረኮንች ላይ ይነጥራል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይቆምም፣ አይዞርም።

መገለበጥ የከፍታና የስፋት ጉዳይ ነው። ክብደቱ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠና ጎማዎቹ የተጠጋጉ መኪና በድንገት ሲታጠፍ ሳይንሸራተት በፊት ይገለበጣል። በጥቅምት 1997 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት አዲሱን መርሴዲስ ኤ-ክላስ መንገድ ላይ ድንገት ከገባ እንስሳ እንደሚያመልጥ ሰው በፍጥነት ወደ ግራ ከዚያም ወደ ቀኝ አዞረው። ትንሹና ቁመቱ ከፍ ያለው መኪና ተገለበጠ። ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ኩባንያው በመጀመሪያ ሊቀበለው አልወደደም፤ በኋላ ግን ሽያጩን አቁሞ የመኪናውን እግር አስተካከለ፤ ከመንሸራተት የሚጠብቅ ኮምፒውተርም በሁሉም ላይ ገጠመ።

ያ መሣሪያ ኢኤስሲ ወይም ኢኤስፒ ይባላል። ሹፌሩ መሪውን ወዴት እንዳዞረና መኪናው በእርግጥ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ የአንዱን ጎማ ፍሬን ብቻ ይዞ መኪናውን ወደ መስመሩ ይመልሳል። ሰው አራት ፔዳል ስለሌለው ይህን በእግሩ ሊያደርግ አይችልም። ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካ ተቋም ባደረገው ጥናት ይህ መሣሪያ አንድ መኪና ብቻውን የሚወድቅባቸውን ገዳይ አደጋዎች በግማሽ ያህል ቀንሷል። በአውሮፓ ከ2014 ጀምሮ በሁሉም አዲስ መኪና ላይ ግዴታ ነው። እኔ ከቀበቶ ቀጥሎ ብዙ ሕይወት የሚያድን መሣሪያ እሱ ይመስለኛል፤ መኪና ሲገዛ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ነው።

ያም ሆኖ ጭነትን አያሸንፍም። በ2016 ያው መጽሔት የጫነ ሂሉክስ ሲፈትን መኪናው በሁለት ጎማ ቆመ፤ ቶዮታ ማስተካከያ አድርጎ በቀጣዩ ዓመት አለፈ። የኛ ሚኒባስ ፖርቶመጋላው ላይ ጆንያ ቆልሎ የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ሲወርድ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ክብደቱን ወደ ላይ ይወስዳል። ያው ጭነት ወለሉ ላይ ቢሆን አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል።

ኤቢኤስ ያለው መኪና በአጭር ርቀት ይቆማል?

ዋና ሥራው ያ አይደለም። ኤቢኤስ በኃይል ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይለቃል፣ ይይዛል። የተቆለፈ ጎማ አይዞርምና፣ ጥቅሙ ፍሬን ይዘው ሳለ መሪውን አዙረው ማምለጥ መቻልዎ ነው። እንዲያውም ልቅ ጠጠር ላይ ርቀቱን ሊያስረዝም ይችላል። ፔዳሉ እግር ሥር ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ይለቃል፤ መልቀቅ አይገባም፣ እንደረገጡ መቆየት ነው።

ርቀቱን የሚወስነው ፍጥነት ነው። በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ጎማ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ 14 ሜትር፣ ከዚያ እስኪቆም ሌላ 14 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በሰዓት 100 ሲሆን ጠቅላላው ከ80 ሜትር ያልፋል።

አንድ ዓይነት ስም ያላቸው መኪኖች እኩል ደህና ናቸው?

አይደሉም። በ2018 ግሎባል ኤንካፕ የተባለው የመኪና ደህንነት ፈታሽ ድርጅት በአፍሪካ በአዲስነት የሚሸጠውን ኒሳን ኤንፒ300 ሃርድቦዲ በአውሮፓ ካገለገለ የ2015 ኒሳን ናቫራ ጋር አጋጨ። የአዲሱ ሹፌር ክፍል ፈረሰ፤ ያገለገለው መኪና ሹፌር ግን በእግሩ ሊወጣ ይችል ነበር። ኩባንያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የገበያው ሕግ የሚያስገድደው ነገር ነው።

ይህ ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎችም ይሠራል። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ ብዙ የቻይና ሥሪት መኪና ገብቷል። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሚተኛ ክብደታቸው ወደ መሬት የተጠጋ ነው፤ በቀላሉ አይገለበጡም። ግን ከባድ ናቸው፤ ፔዳሉን ሲነኩት በቅጽበት ይስፈነጠራሉ፤ ይህን ያልለመደ ሹፌር መጠንቀቅ አለበት። «አምስት ኮከብ አለው» የሚባለው ምዘና የአውሮፓው ከሆነ የተፈተነው እዚያ የሚሸጠው ሥሪት ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራው የኤርባጉ ቁጥር ሊለይ ስለሚችል ሻጩን ስንት ኤርባግ እንዳለው፣ የትኞቹ ወንበሮች ላይ እንደሆኑ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የቪትዝ ነገርም አለ። ቶዮታ ቪትዝ የሚለውን ስም የሰጠው ለጃፓን ገበያ ለሠራው መኪና ነው፤ ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። በግራ መሪ የተሠራው ወንድሙ ያሪስ ወይም ኤኮ ይባላል። ከጃፓን የመጣ ቪትዝ ሆኖ መሪው በግራ ያለ መኪና፣ መሪው የተዛወረ መኪና ነው። ሲዛወር ዳሽቦርዱ ይቆረጣል፤ የመሪው ዘንግ፣ የፍሬኑ ፔዳልና የኤርባጉ ሽቦ ቦታቸውን ይለቃሉ። በፋብሪካ የተሰላው ሁሉ በጋራዥ እጅ ይገባል። ኤርባጉ በግጭት ጊዜ ይሠራል ብሎ መተማመኛ የለም።

ሲገዙ ምን ይታይ?

ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባግ፣ የኤቢኤስና የኢኤስሲ መብራቶች በርተው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለባቸው። በርተው ከቀሩ ብልሽት አለ። ጭራሹን ካልበሩ ደግሞ ሰው አምፖሉን ነቅሎት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የባሰ ነው። ቀበቶውን በድንገት ሲስቡት መያዝ አለበት። በባዶና ደህና በሆነ መንገድ ላይ ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ መሪው ከላላ ወይም ቴስቲናው (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው አንጓ) ከተንኳኳ፣ ከመግዛትዎ በፊት መካኒክ ይየው።

ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚሉት ፊደላት በኋላ በስተመጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ፀሐይ ላይ ቆሞ ያረጀ ጎማ ጎኑ ይሰነጠቃል፤ በፈጣን መንገድ ሲሞቅም ይፈነዳል። ትርፍ ጎማውን ማየት አይርሱ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚያረጀው እሱ ነው።